የአንድ ሰዓት ባዶ እግር

ማለዳ በአዲስ አበባ ዳር፣ ሳንሱሲ ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ሸክም ነው። ከቡራዩ አቅጣጫ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይመጣሉ፤ ጭነቱ በግራና በቀኝ ስለሚተርፍ ከኋላ ሲታዩ እንጨቱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። የውኃ ፈረቃ ያመለጠው ቤት ቢጫ ጀሪካን በጋሪ ያስገፋል። ሊስትሮዎች ሳጥናቸውን አስቀምጠው የመንገዱን ጭቃ ከሰው ጫማ ላይ ለማስለቀቅ ይሰናዳሉ። ወደ አምቦና ወደ ነቀምት የሚሄዱ አውቶቡሶች በዚሁ ያልፋሉ። ከኋላ በጫማ ፋብሪካዋ የታወቀችው አስኮ አለች፤ ከፊት ደግሞ ዛሬም ባዶ እግሩን የሚያርስ ገበሬ የሚገኝበት ደጋ ይጀምራል።

ይህን ቦታ ይዤ አንድ የእግር ጉዞ በሐሳቤ ላሰናዳ። እሑድ ጠዋት ነው። ሁለት መቶ ያህል ሰዎች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከአስኮ ተነሥተው ወደ ሳንሱሲ ይሄዳሉ። ባነሩ ላይ “ጫማ ለሌላቸው እንራመድ” ተብሎ ተጽፏል። ድምፅ ማጉያ የጫነ ፒካፕ ከፊት ይቀድማል። አንዱ ጠጠር ሲወጋው ፊቱን ያኮማትራል፤ ሌላዋ የጓደኛዋን ትከሻ ይዛ ትራመዳለች፤ ፎቶ ይነሣል። ሳንሱሲ ሲደርሱ እግር ይታጠባል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ንግግር ይሰማል። ሰዉ ሁሉ እግሩ ቆስሎ፣ ልቡ ግን ሞልቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሰዎቹ ቅኖች ናቸው። የእሑድ እንቅልፉን ትቶ ለማያውቀው ሰው ሲል እግሩን የሚያስወጋ ወጣት በዚህ ከተማ መኖሩ ያስደስተኛል፤ የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም። ጥያቄዬ ስለ ሕመሙ ነው። ያ ሕመም ምን ይሠራል? ደግሞስ ለተጓዡ የሚያስተምረው ነገር እውነት ነው ወይ?

ጉዞው በምናቤ የተሰናዳ ቢሆንም ዓይነቱ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ፍራንክ ቤርድ የሚባል ሰው ወንዶች የሴት ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው የሚጓዙበትን ዘመቻ ጀመረ፤ ዓላማው በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ፆታዊ ጥቃት መቃወም ነበር። ቶምስ የተባለው የአሜሪካ ጫማ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሰዎች ለአንድ ቀን ጫማ ሳያደርጉ እንዲውሉ በየዓመቱ ይጠራ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክሞ መጓዝ፣ ለአንድ ሌሊት ካርቶን ላይ መተኛት፣ ዓይንን አስሮ መሄድ አለ። ሁሉም በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው፦ የሌላውን ሕመም ጥቂት የቀመሰ ሰው የሌላውን ኑሮ ያውቃል የሚል እምነት።

የባዶ እግሩን ጉዞ የመረጥኩት ይህ እምነት የት ላይ እንደሚሰናከል ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚያሳይ ስለሆነ ነው። ባዶ እግር በኢትዮጵያ በእውነት ሰው ያሰናክላል፤ ነገር ግን የሚያሰናክለው ተጓዡ በሚያስበው መንገድ አይደለም።

በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቆላ አካባቢ ትንኝ የምታስተላልፈው፣ ከትል የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የደጋው ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ያስተዋለው ይህንን ነው፦ በደጋው እግራቸው ያበጠ ሰዎች ትሉ የለባቸውም፤ የትሉ ተሸካሚ ትንኝም እዚያ ከፍታ ላይ አትገኝም። ያላቸው የጋራ ነገር አፈሩና ባዶ እግራቸው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ በኩል ሰርገው ይገባሉ። ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋቸዋል፤ ውጊያው የሚካሄድበት ረቂቁ የሊምፍ ቧንቧ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፣ ይጠባል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ማሳከክና ማቃጠል፣ ቀጥሎ ሌሊት የሚመለስ፣ ቆይቶም የማይመለስ እብጠት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ በገባበት አፈር በጉልምስናው የሚታመም ሰው አለ። ሁሉም ሰው እኩል አይያዝም፤ ለበሽታው ተጋላጭ መሆን በዘር እንደሚወረስ በወላይታ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ሆኖም ተጋላጭ የሆነው ሰው እንኳ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይታመምም። በሽታው ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ግን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው የተዳሰሰ ሕዝብ 4 በመቶው ላይ በሽታውን አገኘ፤ ወደ አገር ሲመነዘር 1.5 ሚሊዮን ገደማ አዋቂ ማለት ነው።

አሁን ወደ ተጓዡ እንመለስ። እሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተማረው ጠጠር እንደሚወጋ ነው። ባዶ እግሩን ያደገውን ገበሬ ግን ጠጠር አይወጋውም። መርገጫው ከልጅነቱ ጀምሮ ደድሯል፤ ተጓዡ የሚያነክስበትን መንገድ እሱ እህል ተሸክሞ ይሮጥበታል። ገበሬውን የሚጎዳው ነገር አያምም፣ አይታይም፣ በአንድ ሰዓት ቀርቶ በአንድ ዓመትም አይታወቅም። ለስላሳ እርጥብ አፈር ነው፤ ሲረግጡት እንዲያውም ደስ ይላል። እንግዲህ ጉዞው ችግር ያልሆነውን ነገር በኃይል አሳውቆ፣ ችግር የሆነውን ሸፍኖ ያልፋል ማለት ነው። ተጓዡ ወደ ቤቱ የሚገባው “የእነሱን ስቃይ ቀመስኩ” ብሎ ነው፤ የቀመሰው ግን ትናንት ጫማ የነበረው ሰው ዛሬ ጫማ ሲያወልቅ የሚሰማውን ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሪየል ሲልቨርማን የምትባል፣ ራሷ ዓይነ ስውር የሆነች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተመችው ነው። ተማሪዎች ዓይናቸው ታስሮ የተለመዱ ነገሮችን እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓይነ ስውራን ሲጠየቁ፣ ዓይናቸው ያልታሰረ ተማሪዎች ከሰጡት ግምት ያነሰ ግምት ሰጡ፤ ዓይነ ስውር ሰው ሥራ ለመሥራትም ራሱን ችሎ ለመኖርም ያለውን አቅም ዝቅ አድርገው ገመቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓይኑ ታስሮ ከበርጩማ ጋር የሚጋጨው ሰው የሚያየው የዓይነ ስውርነትን የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብልሃት፣ መለማመድ፣ ሙያና ክብር አያይም። የመጀመሪያዋን ድንጋጤ የሰው ዕድሜ ልክ አድርጎ ይወስዳታል።

ማገዶ ለሚሸከሙት ሴቶችም ነገሩ ይኸው ነው። በእንጦጦም ሆነ በምዕራቡ በር ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ይሸከማሉ። አንድ ጎልማሳ ያንን ጭነት ለመቶ ሜትር ተሸክሞ ቢሄድ ክብደቱን ያውቃል። የማያውቀው ግን ሴትየዋ ሸክሙን ለምን እንደምትመርጠው ነው፤ ዛሬ ያልተሸጠ እንጨት ማታ ምን እንደሚያሳጣ፣ የደን ጥበቃ ሲይዛት ምን እንደምትከፍል፣ ልጅ ታሞ የቀረችበት ቀን በማን እንደሚሸፈን። ጀሪካንም እንዲሁ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ይህን ለማወቅ መሸከም አያስፈልግም። የውኃ ችግር ክብደቱ ጊዜው ላይ ነው፦ ወረፋው፣ የቀረው ትምህርት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲንፎለፎል ለመነሣት የተሰበረው እንቅልፍ። በእግር ጉዞ ሊቀመስ የማይችለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ተጓዡ ጉዞው መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል።

በሌላ በኩል ያለውን እውነት ግን መካድ አልፈልግም። ሕመም ገንዘብ ያሰባስባል። ክሪስቶፈር ኦሊቮላና ኤልዳር ሻፊር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ለአንድ በጎ ዓላማ ሽርሽር ወጥተው ከሚሰጡት ይልቅ ለዚያው ዓላማ ደክመው ሲሮጡ ብዙ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሚሆኑ አሳይተዋል፤ በተለይ ዓላማው የሰውን ስቃይ የሚመለከት ሲሆን። ለለፉበት ነገር ዋጋ መስጠት የሰው ባሕርይ ነው። እኛም አገር ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ የመዲናዪቱ ሕዝብ ሮጦ መስጠትን ለምዷል። ይህ መልካም ነው። ልዩነቱ ግን ሩጫ ራሱን የቻለ ነገር መሆኑ ነው፤ አሥር ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው “የድሃን ኑሮ ኖርኩ” አይልም። ሮጠ፣ ላበው፣ ደስ አለው፣ ሰጠ። የሌላውን ሰው ቁስል እንደ ልብስ አልለበሰም።

ነገሩን ለማመዛዘን የውጭ ጥናት ብቻ አያስፈልገንም። በእኛ ባህል ራስን አጎሳቁሎ መታየት እንግዳ አይደለም፤ ሥርዓትም አለው። በደል የፈጸመ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። የድንጋዩ ክብደት በምሳሌነት ያለ ነው፤ ሆኖም ድርጊቱ ባዶ አይደለም፣ ምክንያቱም ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል። ተሸካሚው በዳዩ ራሱ ነው። ድንጋዩን ይዞ የሚሄደው ወደ አንድ የታወቀ ሰው ደጅ ነው። ድንጋዩን የሚያስወርደውም ተበዳዩ “ይቅር ለእግዚአብሔር” ሲል ነው እንጂ ተሸካሚው ሲደክመው አይደለም። አንዳንዴም አይወርድም፤ ተበዳዩ እምቢ ይላል፣ ሽማግሌ ይመለሳል፣ ሌላ ቀን ይቀጠራል።

የባዶ እግር ጉዞ ይህ የለውም። ተጓዡ ወደ ማንም ደጅ አይሄድም። “ስቃይህን አየሁልህ” ብሎ የሚቀበለው፣ በቃህ የሚለው፣ ወይም እምቢ የሚለው ሰው መንገዱ ላይ የለም። ጫማውን የሚያጠልቀው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ነው።

ጾምንም ተመልከቱ። አባቶች ጾምን ከጸሎትና ከምጽዋት ነጥለው አያስተምሩም፤ የቀረው ምሳ ወደ ተራበው እንዲሄድ ይፈለጋል። ኮልፌ ላይ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ ነገሩ በስፍር የተወሰነ ነው፤ የረመዳን ጾም ሲፈታ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በቁና የተለካ እህል፣ ዘካተል ፊጥር፣ ለድሃ መውጣት አለበት፤ ያውም ከዒድ ሶላት በፊት። ቀነ ገደብ አለው፣ መጠን አለው፣ ተቀባይ አለው። ረሃቡ በጾመኛው ሆድ ውስጥ አይቀርም።

ዕድርም አለ። ዕድርተኛ ቀብር የሚሸኘው ሐዘንን ለመለማመድ አይደለም። ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያደርሳል፣ ሬሳውን ተከትሎ በፀሐይ ይሄዳል፤ ስሙ ተጠርቶ ካልተገኘ ይቀጣል። በአገራችን ከሁሉ የሚበዛው በበጎ ዓላማ የሚደረግ የእግር ጉዞ ይህ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው በዓመት ስንት ቀብር ይሸኛል! ማንም ግን የግንዛቤ ማስጨበጫ ብሎ አይጠራውም።

በዓለም ታሪክ ውስጥ የታወቁት ጉዞዎችም ሲመረመሩ እንዲሁ ናቸው። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1930 ከሳባርማቲ እስከ ዳንዲ 24 ቀን ተጉዞ 385 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደው የጨው ሠራተኞችን ድካም ለመቅመስ አልነበረም፤ ባሕሩ ዳር ደርሶ ጨው በማንሳት የእንግሊዝን የጨው ሕግ ሊጥስ ነው። በአሜሪካ፣ አላባማ ሞንትጎመሪ ጥቁሮች የዘር መድልዎን ተቃውመው እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1956 ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሲሄዱ እግራቸው ያምም ነበር። ሕመሙ ግን ከአውቶቡስ ኩባንያው ኪስ ገንዘብ ያጎድል ነበር፤ ከተሳፋሪው አብዛኛው እነሱ ነበሩና። መራመዱ ራሱ ሥራውን ይሠራ ነበር። ለዚህ ነው ዛሬም ስናስበው ልባችን የሚነካው።

ስለ ባዶ እግር ሲወራ አበበ ቢቂላ መነሣቱ አይቀርም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ያ ሥዕል በእኛ አእምሮ ውስጥ ባዶ እግርን የክብር ምልክት አድርጎታል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ በ2:12:11 ገባ። ሁለተኛውን ሥዕል ብዙ ሰው አያስታውሰውም። እኔ ለልጆች ቢነገር የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

“ግንዛቤ ይፈጥራል” የሚለው መልስ አሁን መመርመር አለበት፤ አዘጋጆች ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት እሱን ነውና። ግንዛቤ የማን? በጉዞው መንገድ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ባዶ እግር ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሊስትሮው ያውቃል። የማያውቁት ነገር አለ፤ እሱም ዝሆኔ ከአፈር እንደሚመጣ፣ እርግማን እንዳልሆነ፣ በንክኪ እንደማይተላለፍ፣ የታመመው እግርም በመታጠብ እንደሚሻለው ነው። በሽተኞችን ከእግራቸው ይልቅ የሚሰብራቸው ይህ አለማወቅ ነው። ሰው ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም፣ ከቤታቸው ልጅ አያገባም፤ እነሱም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ፣ ከገበያና ከለቅሶ ይቀራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መደበቅ የሚያስገድድ ጎረቤት ባለበት ግን ተረቱ በበሽተኛው ላይ ብቻ መተረቱ ያሳዝነኛል። ባነር ይዞ ባዶ እግሩን የሚያልፍ ሰልፍ ከእነዚህ ነገሮች አንዱንም አይናገርም። የሚናገረው “ባዶ እግር መሄድ ያሳዝናል” የሚለውን ነው፤ ያ ደግሞ ለበሽተኛው ተጨማሪ ኀፍረት ሊሆን ይችላል። እግሩ ያበጠ ሰው ከቤቱ አጥር ሥር ሆኖ የእሱ ነውር በሰልፍ ሲሄድ የሚያይ ከሆነ፣ ለማን አዘንን?

ሌላም ሥጋት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት በሰው ፊት በምልክት ድጋፉን የገለጸ ሰው፣ ለምሳሌ ባጅ ደረቱ ላይ የለጠፈ፣ በኋላ እውነተኛ እርዳታ ሲጠየቅ በስውር ድጋፉን ከሰጠው ሰው ያነሰ እንደሚያደርግ አሳይቷል። መልካም ሰው መባልን ቀድሞ ተቀብሏልና የቀረውን ለማድረግ የሚገፋፋው ነገር ይቀንሳል። ጫማ አውልቆ ፎቶ መነሣት ደግሞ ከባጅ ሁሉ የሚበልጥ ባጅ ነው።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። በምናቤ ያሰናዳሁት ጉዞ ላይ ሁለት መቶ ካናቴራ፣ ባነር፣ ድምፅ ማጉያ፣ የመኪና ኪራይና የታሸገ ውኃ አለ። ለአንድ ሰው አምስት መቶ ብር ወጣ ብንል መቶ ሺህ ብር ነው። መቶ ሺህ ብር በዛሬ ገበያ ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የበጎ አድራጎት ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011፣ የድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን የተጨነቀው ለዚሁ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ታለመለት ሰው እንዲደርስ። አንድ ጉዞ ለሌሎች ከሚያስገኘው በላይ ለራሱ ካወጣ፣ ያንን በግልጽ የሚያሳይ ወረቀት ከባነሩ ቀጥሎ ሊለጠፍ ይገባል እላለሁ።

ታዲያ ጫማ ሰብስቦ መስጠቱ ይሻል ይሆን? ቶምስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንድ ጫማ ሲሸጥ አንድ ጫማ ይሰጥ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ኩባንያው ራሱ ሥራው እንዲመረመር ፈቅዶ፣ ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ አጠኑት፤ ይህን ማድረጉ ሊመሰገን ይገባዋል። ልጆቹ ጫማውን አደረጉት፣ ወደዱት። ኑሯቸው ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ አብዛኞቹ ቀድሞውንም ጫማ ነበራቸው። ያሳሰበው ነገር ሌላ ነበር፦ የቤተሰባቸውን ፍላጎት ማሟላት ያለባቸው ሌሎች ናቸው ያሉት ልጆች ጫማ ካልተሰጣቸው መካከል 66 በመቶ ሲሆኑ ከተሰጣቸው መካከል 79 በመቶ ሆኑ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ለአንድ የሚለውን አሠራር ተወ።

በዝሆኔ በሽተኛ ላይ ሲደርስ ደግሞ የጫማው ነገር ይበልጥ ይረቃል። ያበጠ እግር የገበያ ጫማ ውስጥ አይገባም። ሴትየዋ ባዶ እግሯን የምትሄደው ገንዘብ አጥታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ገንዘብ ኖሯትም በመርካቶ ሁሉ ብትዞር የሚሆናትን ቁጥር አታገኝም። ስለዚህ በወላይታ የሚሠራው የዝሆኔ በሽተኞች ማኅበር በሽተኞቹን ራሳቸውን ጫማ መስፋት አስተምሯል። እያንዳንዱ እግር ለብቻው ይለካል፣ ለብቻው ይሰፋለታል።

ከጫማው በፊት ግን መታጠብ አለ። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ የፈተሸው ይህንን ቀላል የሚመስል ነገር ነው፦ እግርን በሳሙናና ጀርም በሚገድል ውኃ መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በሽተኞቹን አልጋ ላይ የሚጥለው የትኩሳትና የሕመም ጥቃት፣ ሕክምናውን ገና ባልጀመሩት ላይ በአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ገደማ ይመላለስ ነበር፤ በጀመሩት ላይ ወደ 19 ገደማ ወረደ። ቁጥሩ አሁንም ብዙ ነው፤ በሽታው ከባድ ነውና። ነገር ግን እያንዳንዱ የቀረ ጥቃት ከአልጋ የዳነ ቀን ነው፤ ቀደም ሲል በወላይታ የተደረገ ጥናት በሽተኞች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን በበሽታው እንደሚያጡ አስልቷል።

እግር ማጠብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከሩቅ መንገድ የመጣ የእግዜር እንግዳ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩ ይታጠብ ነበር፤ የቤቱ ልጅ ጎንበስ ብላ፣ ጣቶቹን አሻሽታ፣ እግሩን ስማ ትነሣለች። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ጫማ ማውለቅ በባህላችን ለተቀደሰ ቦታ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ደጃፍ እናወልቃለን። በድካም ለመጣ ሰው ስናዝን ግን የምናደርገው የራሳችንን ጫማ ማውለቅ አልነበረም። የእሱን እግር ማጠብ ነበር።

ስለዚህ ያን ጉዞ ሊያሰናዱ የተነሡ የሰፈሬ ወጣቶች መጥተው ቢያማክሩኝ “ተዉት” አልላቸውም። ጫማችሁን አድርጋችሁ ሂዱ፣ እላቸዋለሁ። መነሻችሁ አስኮ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቆዳ ቆርጦ ጫማ መስፋት የሚችል ሰው የሚፈለገው እንዲህ ባለ ሰፈር ነውና። የካናቴራውን ገንዘብ ለሳሙና፣ ለቫዝሊን፣ ለፋሻና ለመታጠቢያ ሳፋ አድርጉት። ባነሩ ላይ “ዝሆኔ ከአፈር እንጂ ከእርግማን አይመጣም” ብላችሁ ጻፉ። በከተማችን አለርት ሆስፒታል አለ፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመና ሰው የሚሸሸውን በሽታ ማከም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቤት ነው። አንድ ነርስ ለምኑና እግር እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚጠቀለል ተማሩ። ከምዕራብ በኩል መጥቶ በየሰፈሩ የቀን ሥራ የሚሠራ፣ እግሩን በረጅም ሱሪ የሚሸፍን ሰው ካጋጠማችሁ በአደባባይ አትጥሩት፤ በዕድር ዳኛው ወይም በንስሐ አባቱ በኩል፣ በስውር ድረሱለት።

ጫማ ልታሰፉለት ከወሰናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚለካው እግር እየታጠበና እየተጠቀለለ ሲሄድ ይቀንሳል። ዛሬ በወረቀት ላይ እግሩን አስቀምጦ በእርሳስ የተዞረው መስመር ከጥቂት ወራት በኋላ ይሰፋዋል። እግሩ ጫማው ውስጥ ሲንሸራተት ቆዳው ይላጣል፤ ቁስሉም ሌላ ጥቃት ይጠራል። ስለዚህ ወረቀቱንና እርሳሱን ይዛችሁ እንደገና ትሄዳላችሁ፣ ሰውየውም በርጩማው ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዘረጋል፤ አዲሱ መስመር ከአሮጌው ውስጥ ገባ ብሎ ይሰመራል።